የሳንባ ሕመምተኞችና የልብ አልትራሳውንድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዓመታት በሳል፣ በአክታና በትንፋሽ ማጠር የሚቸገር ሰው የልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ «ኢኮ» የሚባለው ምርመራ ሲታዘዝለት ግራ መጋባቱ አይቀርም። ከዚህ በታች የቀረቡት ሕመምተኞችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ በተለይ የሚመለከቱት ሲኦፒዲ የተባለውን ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሕመም፣ የሳንባ መጠባሰስን እና ቲቢ ከዳነ በኋላ የሚቀረውን የሳንባ ጉዳት ነው።

ሕመሜ የሳንባ ሆኖ ሳለ ልቤ ለምን ይመረመራል?

ልብ ሁለት ፓምፖችን አጣምሮ የያዘ አካል ነው። ግራው ክፍል ደምን ወደ መላ ሰውነት ይገፋል፤ ቀኙ ክፍል ደግሞ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ኦክስጅን እንዲያገኝ ወደ ሳንባ ይልካል። በጤነኛ ሰው የሳንባ የደም ሥሮች ልልና ሰፊ በመሆናቸው በውስጣቸው ያለው አማካይ ግፊት 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ክንድ ላይ ሲለካ 120 በ80 ተብሎ ከሚነበበው ግፊት ጋር ሲተያይ እጅግ ዝቅተኛ ነው። በዚህም የተነሣ የታችኛው ቀኝ የልብ ክፍል ግድግዳ ስስ ነው፤ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የተሠራው ብዙ ደም ተቀብሎ ለማሳለፍ እንጂ ከከፍተኛ ግፊት ጋር ለመታገል አይደለም።

ሳንባ ለረጅም ጊዜ ሲታመም ግን ይህ ሁኔታ ይለወጣል። ኦክስጅን ባነሰበት የሳንባ ክፍል ያሉት ትናንሽ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ይህንን ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በ1946 በድመቶች ላይ አሳይተውታል። ጉዳቱ በአንድ ቦታ ብቻ ሲሆን ይህ መኮማተር ደሙን አየር በደንብ ወደሚገባበት ክፍል ስለሚመራ ጠቃሚ ነው፤ መላው ሳንባ ኦክስጅን ሲያጥረው ግን ሥሮቹ ሁሉ በአንድነት ስለሚጠቡ ግፊቱ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ የአየር ከረጢቶች ሲፈርሱ በግድግዳቸው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች አብረው ይጠፋሉ፤ ሳንባ ውስጥ ታፍኖ የቀረው አየርም የተረፉትን ይጫናል። ቀኙ ልብ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሲሠራ ግድግዳው ይወፍራል፣ ቀጥሎ ይሰፋል፣ ካልታገዘም ይደክማል። እግር ማበጥ፣ የአንገት ደም ሥር መወጠርና በጉበት በኩል የሚሰማ ሕመም የሚከተሉት በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም ባይነገርም ክብደቱ ከመጀመሪያው አያንስም። የትንፋሽ ማጠር ከሳንባ ብቻ ሳይሆን ከግራው ልብም ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። በአገራችን በልጅነት ከሚከሰት የጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣው የልብ ቫልቭ ጉዳት፣ ማለትም የሪውማቲክ የልብ ሕመም፣ ዛሬም ብዙ ወጣቶችን ያሠቃያል። በግራ በኩል ያለው የማይትራል ቫልቭ የጠበበበት ሰው ያስለዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ይነሣል፤ ይህም አስም ወይም ብሮንካይትስ ተብሎ ለዓመታት በሚነፋ መድኃኒት ሊታከም ይችላል። ቫልቩን በዓይን የሚያሳየን ኢኮ ነው። ሕክምናውም ፈጽሞ የተለየ በመሆኑ፣ ምርመራው ቢያንስ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ መሠራቱ ትልቅ ዋጋ አለው።

ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ሕመም እኔን እንዴት ይይዘኛል?

ሲጋራ ዋናው ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ጭስ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ በእንጨት፣ በኩበት ወይም በቅጠል ለዓመታት እንጀራ የጋገረች እናት ሳንባዋ ሊጎዳ እንደሚችል በሚገባ የታወቀ ነው፤ ቲቢም ከዳነ በኋላ ጠባሳና የሰፉ የአየር ቧንቧዎችን ትቶ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለሐኪምዎ ታሪክዎን ሲናገሩ የኖሩበትን ማዕድ ቤትና ቀድሞ የወሰዱትን የቲቢ ሕክምና ሳይጠየቁም ይግለጹ። «ሲጋራ አያጨስም» የሚለው አጭር መልስ ብቻውን ሲጻፍ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ኢሲጂና የደረት ራጅ ተነሥቻለሁ። እነሱ አይበቁም?

አይበቁም፤ እያንዳንዳቸው የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ይመዘግባል፤ ራጅ የልብንና የሳንባን ጥላ ያሳያል። ኢኮ ግን የልብ ክፍሎች ሲኮማተሩና ሲላሉ፣ ቫልቮች ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ ደሙም በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ በቀጥታ ያሳያል። ስልቱ የተጀመረው በ1953 በስዊድኗ የሉንድ ከተማ ነው፤ ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ሄልሙት ኸርትዝ ፋብሪካዎች በብረት ውስጥ ስንጥቅ ለመፈለግ ይጠቀሙበት በነበረ መሣሪያ የልብን እንቅስቃሴ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። ኤድለርን በወቅቱ ያሳስበው የነበረውም ከላይ የጠቀስነው የማይትራል ቫልቭ መጥበብ ነበር።

ለምርመራው ምን መዘጋጀት አለብኝ? ይጎዳል?

በደረት ላይ የሚሠራው ኢኮ ጨረር የለውም፣ መርፌም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም፣ መጾምም አይጠይቅም። ከወገብ በላይ ልብስዎን አውልቀው በግራ ጎንዎ ይተኛሉ፤ ባለሙያው ደረትዎ ላይ ጄል ቀብቶ መሣሪያውን በተለያየ አቅጣጫ ያስቀምጣል። ጥሩ ምርመራ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። መድኃኒትዎንና የሚነፋውን ኢንሄለር እንደ ወትሮው ይውሰዱ፤ የአየር ቧንቧን የሚያሰፋው ሳልቡታሞል የልብ ምትን ስለሚያፋጥን ግን ከመግባትዎ በፊት ከወሰዱ ይናገሩ። በኦክስጅን የሚኖር ሰው ኦክስጅኑን ለምርመራ ብሎ መንቀል የለበትም። በጀርባ ወይም በጎን መተኛት ትንፋሽ የሚያሳጥርዎ ከሆነ ራስዎን ከፍ አድርገው ወይም ተደግፈው ሊመረመሩ እንደሚችሉ ማወቅ ይገባዎታል። ይህንን ለመጠየቅ ማፈር የለብዎትም፤ እየታፈኑ የተነሡት ምስል ለባለሙያውም አይጠቅመውም።

በጉሮሮ በኩል መሣሪያ ገብቶ የሚሠራው ኢኮ የተለየ ነው። መጾም ይጠይቃል፣ ማስታገሻም ይሰጥበታል፤ ማስታገሻው ትንፋሽን ስለሚያዳክም ሳንባው ለታመመ ሰው የሚታዘዘው በግልጽ ምክንያት ብቻ ነው።

«ምስሉ ጥራት የለውም» ተብሎ ተጻፈብኝ። ጥፋቱ የማን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የማንም አይደለም። የአልትራሳውንድ ድምፅ በአየር ውስጥ አያልፍም፤ ከሥጋ ወደ አየር ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይነጥራል። ደረት ላይ ጄል የሚቀባውም በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ጥቂት አየር እንኳ እንዳይቀር ነው። ሲኦፒዲ ባለበት ሰው አየር ሳንባ ውስጥ ታፍኖ ስለሚቀር ሳንባው ይነፋና በልብና በደረት ግድግዳ መካከል ይገባል፤ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራሙ፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ልብም ወደ ታች ወርዳ ቀጥ ትላለች። በጤነኛ ሰው ከጡት አጥንት አጠገብ በቀላሉ የሚገኘው ምስል በእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ላይ ግራጫ ጉም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ልብ ወደ ታች መውረዷ ራሱ ሌላ በር ይከፍታል። መሣሪያው ከጎድን አጥንት በታች፣ ከጨጓራ አፍ አካባቢ ወደ ላይ ሲያይ ጉበትን እንደ መስኮት ተጠቅሞ ልብን በግልጽ ያገኛታል፤ የቀኙ ክፍል ግድግዳ ውፍረትም በደንብ የሚለካው ከዚሁ ነው። በሲኦፒዲ ሕመምተኛ ላይ ምርመራውን ከዚህ ቦታ መጀመር ብዙ ድካም ያድናል። ትንፋሽን ወደ ውጭ አውጥቶ ለጥቂት ሰከንድ መያዝም ሳንባው ከልብ ፊት ገለል እንዲል ይረዳል፤ ባለሙያው «ያውጡ፣ ይያዙ» የሚለው ለዚህ ነው። ከቻሉ ያድርጉት፣ ካልቻሉ ይንገሩት። ይህም ሁሉ ካልበቃ በደም ሥር የሚሰጥ የምስል ማጉያ ወይም በጥቃቅን የአየር አረፋ የተናጠ የጨው ውኃ መጠቀም ይቻላል።

ባለሙያው በሳንባ ሕመምተኛ ልብ ላይ በተለይ የሚያየው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሚታየው የቀኙ ክፍል መጠን ከግራው ጋር ሲነጻጸር ነው። በጤነኛ ልብ ቀኙ ያንሳል፤ ከግራው ሲተካከል ወይም ሲበልጥ ሸክም እንዳለበት ይጠቁማል። በቫልቩ በኩል ባለው የክፍሉ መሠረት አካባቢ ስፋቱ ከ41 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ሰፋ ይባላል። ቀጥሎ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ይታያል። ይህ ግድግዳ እንደ ወትሮው ወደ ቀኝ ጎበጥ ይላል፤ የቀኙ ግፊት ሲጨምር ግን ጠፍጣፋ ይሆንና ወደ ግራ ይገፋል፤ ክብ የነበረው ግራው ክፍልም ለሁለት የተከፈለ ድፎ ዳቦ ግማሽ ይመስላል። ይህንን ምስል አንድ ጊዜ ያየ ባለሙያ አይረሳውም።

ከዚያ የመኮማተር ኃይል ይለካል። በሪፖርቱ ላይ «ታፕሴ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በላይኛውና በታችኛው ቀኝ የልብ ክፍል መካከል ያለው የትራይካስፒድ ቫልቭ ጠርዝ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ወደ ልብ ጫፍ እንደሚጓዝ ያሳያል፤ ከ17 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ቀኙ ልብ ደክሟል ማለት ነው። ከታችኛው አካል ደም የሚመልሰው ትልቁ ደም ሥርም ይታያል፤ ስፋቱ ከ21 ሚሊ ሜትር በልጦ ወደ ውስጥ ሲተነፍሱ በግማሽ ያህል የማይጠብ ከሆነ በቀኙ ልብ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሏል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በብርቱ ትግል የሚተነፍስ ሰው በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት በእያንዳንዱ ትንፋሽ በጣም ስለሚለዋወጥ ይህ ደም ሥር ሊያሳስት ይችላል።

ግራው ልብም ፈጽሞ መዘለል የለበትም። «ኢኤፍ 60 በመቶ» የሚል ውጤት የግራው ክፍል ደም የመግፋት አቅም ደህና መሆኑን ይናገራል እንጂ ስለ ቀኙ ምንም አይነግርዎትም። ብዙ ሰዎች ይህን ቁጥር ብቻ አይተው «ልቤ ነጻ ነው» ብለው ይሄዳሉ፤ ቀኙ ልብ በጣም ተጎድቶም ይህ ቁጥር ደህና ሊሆን ይችላል።

ሪፖርቱ «የሳንባ የደም ግፊት 50» ይላል። ይህ ቁጥር ምን ያህል እርግጠኛ ነው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ረዘም ያለ መልስ የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰዎች ይህን ቁጥር እንደ ደም ስኳር ውጤት ይዘውት ይዞራሉ። ኢኮ የሳንባን ግፊት በቀጥታ አይለካም፤ ያሰላል። ቀኙ ልብ ሲኮማተር በትራይካስፒድ ቫልቭ በኩል ጥቂት ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የዚያ ደም ፍጥነት ዶፕለር በተባለው የአልትራሳውንድ ስልት ይለካል፣ ፍጥነቱ በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ በ4 ይባዛል፣ በመጨረሻም የላይኛው ቀኝ የልብ ክፍል ግፊት ተገምቶ ይደመራል። ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ቢሆን 9 በ4 ተባዝቶ 36 ይሆናል፤ የተገመተው የላይኛው ክፍል ግፊት 8 ቢሆንና ቢደመርበት 44 ይመጣል። ያው ፍጥነት በጉም በተሸፈነ ምስል ላይ 3.5 ተብሎ ቢነበብ ግን ስሌቱ 57 ይሰጣል። የግማሽ ሜትር የንባብ ልዩነት በብዜቱ ምክንያት 13 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆነ ማለት ነው። የመሣሪያው አቅጣጫ ከደሙ ፍሰት ጋር ካልገጠመ ደግሞ ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል።

ይህ ስጋት በጥናት ተፈትሿል። በ2003 የታተመ ጥናት የሳንባ ንቅለ ተከላ የሚጠብቁ 374 ሕመምተኞችን በኢኮም፣ ወደ ልብ በሚገባ ቱቦም መርምሮ ነበር። በኢኮ ግፊቱን ማስላት የተቻለው በ44 በመቶው ላይ ብቻ ነበር፤ ከተሰሉት መካከል 52 በመቶው በቱቦ ከተለካው ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ርቀው ተገኙ። እነዚህ ሳንባቸው በጣም የተጎዳ ሰዎች መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ የሚያስፈልገንም በአብዛኛው እንደነዚህ ላሉ ሰዎች ነው።

ታዲያ ኢኮ ከንቱ ነው? በፍጹም። ቁጥሩ ብቻውን ምስክር መሆን አይችልም ማለት ነው። የሚመለሰው ደም ፍጥነት በሰከንድ ከ2.8 ሜትር ሲያልፍ ጥርጣሬ ይነሣል፣ ከ3.4 ሲያልፍ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ውሳኔው ግን የቀኙን ክፍል ስፋት፣ የመሐል ግድግዳውን ቅርጽና የደም ሥሮቹን ሁኔታ አንድ ላይ ያያል። ሪፖርቱ ላይ 55 ተጽፎ ቀኙ ልብ ፍጹም ጤነኛ ከሆነ ቁጥሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። በተቃራኒው ወደ ኋላ የሚመለስ ደም ባለመገኘቱ ግፊቱ «አልተለካም» ተብሎ፣ ቀኙ ልብ ግን ሰፍቶና ደክሞ ከታየ፣ ያ ሪፖርት ነጻ መሆንዎን አይነግርዎትም። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ስለ ቀኙ ልብ የተጻፉትን መስመሮች ያንብቡ፤ ካልተጻፉም እንዲጻፉ ይጠይቁ።

በደጋ አካባቢ መኖር ውጤቱን ይለውጠዋል?

አዎን፣ ሊለውጠው ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሳንባው ለተጎዳ ሰው ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,700 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ ጤነኛ የአማራ ደገኞችን በኢኮ ያየ፣ በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ የሳንባ ግፊታቸው ከቆላ ኢትዮጵያውያን ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ የደም ሥሮቻቸው አለመጥበባቸውን አሳይቷል። በእነዚህ ሰዎች መጠነኛ የግፊት ጭማሪ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ በሌላ አገር ሕዝብ ላይ ተለክቶ የወጣውን መስፈርት በደጋ ሰው ላይ ሳያመዛዝኑ መጫን አይገባም የምንለውም ለዚህ ነው።

ቱቦ ወደ ልብ መግባት ያለበት መቼ ነው?

የሳንባ የደም ግፊት መኖሩን በእርግጠኝነት የሚወስነው ይህ ምርመራ ነው፤ አማካይ ግፊቱ ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲበልጥ ከፍ ያለ ይባላል (ከላይ ያየነው የኢኮ ቁጥር ግን አማካዩ ሳይሆን ልብ ሲኮማተር ያለው ከፍተኛው ግፊት ነው)። ለእያንዳንዱ የሲኦፒዲ ሕመምተኛ ግን አያስፈልግም። የሚታሰበው ውጤቱ ሕክምናውን የሚለውጥ ሲሆን ነው፦ ለምሳሌ የትንፋሽ መለኪያው መጠነኛ ጉዳት ብቻ እያሳየ ቀኙ ልብ በጣም ከተጎዳ። እንዲህ ያለ አለመመጣጠን ሌላ ምክንያት እንዲፈለግ ያስገድዳል፤ በሳንባ ውስጥ የቆየ የደም መርጋት፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ፣ የግራ ልብ ሕመም፣ ኤችአይቪ፣ በአገራችን ደግሞ ቢልሃርዚያም አብሮ ይታሰባል። የቆየው የደም መርጋት በተለይ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ የሚችል በመሆኑ መታለፍ የለበትም።

ግፊቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ መድኃኒት አለው?

ዋናው ሕክምና ሳንባውን ማከም ነው፦ ከጭስ መራቅ፣ ኢንሄለሩን በትክክለኛው አወሳሰድ መጠቀም፣ ኦክስጅኑ ዝቅ ካለ ደግሞ ኦክስጅን ማግኘት። በደም ወሳጅ ሥር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት 55 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በታች ለሆነ የሲኦፒዲ ሕመምተኛ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን መውሰድ ዕድሜን እንደሚያራዝም በ1980 እና በ1981 የታተሙ የአሜሪካና የብሪታንያ ጥናቶች አሳይተዋል። ቀኙ ልብ መጎዳቱ ከታየ እስከ 60 ላሉትም ይሰጣል፤ ኢኮ ውሳኔ የሚለውጥበት አንዱ ግልጽ ቦታ ይህ ነው። እብጠት ካለ የሚያሸና መድኃኒት ይጨመራል።

ሲልደናፊልን የመሰሉ የደም ሥር የሚያሰፉ መድኃኒቶችን በራስ ፈቃድ ወይም ዘመድ ልኮልኝ ነው ብሎ መጀመር ግን አደገኛ ነው። ለሌላ ዓይነት የሳንባ የደም ግፊት የተሠሩ ናቸው፤ በተጎዳ ሳንባ ውስጥ አየር የማይደርስባቸውን ሥሮች ከፍተው የደሙን ኦክስጅን የበለጠ ሊቀንሱት ይችላሉ። ኢኮው የግራ ልብ ድካም ካሳየ ደግሞ ቢሶፕሮሎልን የመሰለ ልብን ለይቶ የሚሠራ መድኃኒት ለአብዛኛው የሲኦፒዲ ሕመምተኛ ሊሰጥ ይችላል፤ አስም ላለበት ሰው ግን ጥንቃቄው ይበልጣል።

በስንት ጊዜ መደገም አለበት?

ለሁሉም የሚሠራ የተወሰነ ጊዜ የለም። ሕመሙ ሲለወጥ፣ እግር ማበጥ ሲጀምር፣ ጉልበት በሚጠይቅ እንቅስቃሴ ጊዜ ራስን መሳት ሲመጣ ወይም የኦክስጅን መጠን ሲወርድ ይደገማል። ሕመሙ በተነሣበትና ሆስፒታል በተኙበት ሰሞን የተሠራ ኢኮ ግፊቱን ከወትሮው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ አጣዳፊ ምክንያት ከሌለ ከተረጋጉ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ማየቱ የተሻለ ነው።

ውጤቴን ውጭ አገር ላለ ዘመድ ልልከው እፈልጋለሁ። ምን ልላክ?

አብዛኛው ሰው የሪፖርቱን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥቶ ይልካል። ከላይ እንደተባለው በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ያለ ምስሉ ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። አብረው ሊላኩ የሚገባቸው የትንፋሽ መለኪያው ውጤት፣ የደረት ራጁ ወይም ሲቲ ስካኑ፣ በዕለቱ የነበረው የኦክስጅን መጠንና ኦክስጅን እየወሰዱ ይሁን ሳይወስዱ መለካቱ፣ የሚኖሩበት ቦታ ከፍታ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር እና ቀድሞ የተሠራ ኢኮ ካለ የእሱም ምስል ናቸው። የቀድሞው ምስል ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ ቀኙ ልብ ከዓመት በፊትም እንደዚሁ ሰፊ ነበር ወይስ በቅርቡ ነው የሰፋው የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው።